በሰይፍ ላይ የተጻፈ ስም



አንድ ሰይፍ የሁለት ሰዎች እጅ ያለበት ዕቃ ነው። አንደኛው የታጠቀው ሰው ነው፤ ሁለተኛው የሠራው ሰው ነው። የታጠቀውን ሰው ስም ታሪክ ይጽፈዋል፥ አዝማሪ ያነሣዋል፥ የልጅ ልጅ ይኮራበታል። የሠራውን ሰው ግን የሚያነሣው የለም፤ የሚታወቀው ምናልባት እሱ ራሱ ስሙን ወይም ምልክቱን በብረቱ ላይ መትቶ ትቶት እንደሆነ ብቻ ነው። የዛሬው ንግግር ስለዚህ ስለ ሁለተኛው ሰው ነው። ምሳሌውም የሚወሰደው ከኢትዮጵያ ወሰን ማዶ፥ ከኒው ሀልፋ፥ ከከሰላና ከገዳሪፍ አገር ሰይፎች ነው፤ ምክንያቱም በነዚያ ሰይፎች ላይ የሚገኙት ምልክቶች ከሩቅ አገር መጥተው፥ በሰው እጅ ተቀድተው፥ ትርጉማቸው ተለውጦ፥ በመጨረሻም ስለ ሥራና ስለ ሠራተኛ ክብር ትልቅ ጥያቄ የሚያስነሡ ናቸው። በዚህ ንግግር የሚጠሩት ዓመታት፥ ዓመተ ምሕረት ተብሎ ካልተነገረ በቀር፥ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ኒው ሀልፋ በምሥራቅ ሱዳን፥ ከአትባራ ወንዝ በስተምዕራብ የምትገኝ ከተማ ናት። ዕድሜዋ ረዥም አይደለም። የአስዋን ታላቅ ግድብ ውኃ የዋዲ ሀልፋን አገር በሚውጥበት ጊዜ፥ 50,000 ያህል የሚሆኑ የኑብያ ሰዎች ከ1964 መጀመሪያ አንሥቶ በባቡር እየተጫኑ ወደዚህ ሜዳ እንዲዛወሩ ተደረገ። ለነሱም እርሻ ይሆን ዘንድ አትባራ ኀሽም አልጊርባ በተባለው ቦታ ተገደበ። ሜዳው ግን ባዶ አልነበረም፤ ከዚያ በፊት የሹክሪያና የሀደንደዋ ዘላኖች ግመላቸውንና ከብታቸውን የሚያሰማሩበት መሬት ነበር። ወደዚያ የሚወርደውም ውኃ ለኢትዮጵያውያን መምህራን እንግዳ አይደለም፤ በጂኦግራፊ ክፍለ ጊዜ በሰሌዳ ላይ የሚሥሉት የጓንግ፥ የአንገረብና የተከዜ ውኃ ነው። ተከዜ ወሰን ሲሻገር ሰቲት ተብሎ ይጠራል። ስሙ በወሰን ላይ ይለወጣል እንጂ ውኃው አንድ ነው። ስለ ሰይፍም የሚነገረው ነገር ከዚህ ብዙ አይርቅም።

በዚያ አገር የሚታጠቁት ሰይፍ ቀጥ ያለ፥ በሁለት ወገን የተሳለ፥ ርዝመቱም 90 ሳንቲ ሜትር ያህል የሚሆን ነው። እጀታው በቆዳ ይጠመጠማል፤ በእጀታውና በስለቱ መካከል መስቀል የሚመስል የብረት መከላከያ አለው፤ ሰገባው ከቆዳ ተሰፍቶ በትከሻ ወይም በክንድ ላይ ይንጠለጠላል። በኤውሮፓ መጻሕፍት ካስካራ የሚል ስም ተሰጥቶታል፤ ባገሩ ግን በዐረብኛ ሰይፍ ከመባል በቀር ሌላ ስም አያስፈልገውም። ኤውሮፓውያን መንገደኞች ይህን ሰይፍ መጀመሪያ ባዩ ጊዜ የመስቀል ጦረኞችን ሰይፍ መሰላቸው፤ አንዳንዶቹም ከዚያ ዘመን ተርፎ የቀረ ነው ብለው እስከ ማሰብ ደረሱ። ነገሩ ግን ከዚህ ይበልጥ ቀላል፥ ይበልጥም የሚያስደንቅ ነበር። እጀታው፥ ሰገባውና ጠፍሩ ያገር ሥራ ሲሆን፥ ስለቱ ብዙውን ጊዜ በዚያው በመንገደኞቹ ዘመን በጀርመን አገር ተሠርቶ በንግድ የመጣ ነበር።

ለዚህ ምስክሮች አሉ። ዮሐን ሉድቪግ ቡርክሃርት የተባለው የስዊስ ተወላጅ በ1814 በሸንዲ ገበያ በተቀመጠበት ጊዜ፥ በካይሮ በኩል የመጡ የሶሊንገን ስለቶች ለደቡብ ነጋዴዎች ሲሸጡ አይቶ ጽፏል። ሐይንሪሽ ባርት የተባለው ጀርመናዊ ደግሞ በ1851 በካኖ ሳለ በዚያ ገበያ የሚታጠቁት ስለቶች አብዛኞቹ ከዚያው ከሶሊንገን የመጡ መሆናቸውን መዝግቧል። ሳሙኤል ቤከር የተባለው እንግሊዛዊ በ1861 እና በ1862 ከከሰላ ተነሥቶ በአትባራና በሰቲት ዳር ከሐምራን ዐረቦች ጋር ከረመ፤ ከዚያም በገላባት በኩል አለፈ። የሐምራን አዳኞች ዝሆንን በጥይት ሳይሆን በሰይፍ ብቻ የሚያድኑ ነበሩ፤ አንዱ በፈረስ ፊት ፊት እየጋለበ ዝሆኑን ሲያታልል፥ ሌላው ከኋላ ደርሶ የቋንጃውን ጅማት ይቆርጥ ነበር። ቤከር በ1867 ባሳተመው መጽሐፍ የነዚህን አዳኞች ሰይፍ ሲገልጽ ስለቱ የሶሊንገን ሥራ መሆኑን አስታውቋል። እንግዲህ በተከዜ ዳር የዝሆን ጅማት የቆረጠው ብረት በራይን ወንዝ አጠገብ የተቀጠቀጠ ነበር ማለት ነው።

ሶሊንገን በምዕራብ ጀርመን ውፐር በተባለ ወንዝ አቅራቢያ ያለች ከተማ ናት። ወንዙና ወደ እሱ የሚወርዱት ጅረቶች የመሳያውን ድንጋይ የሚያዞሩ መዘውሮችን ያንቀሳቅሱ ነበር። የሰይፍ ሥራ በዚያ በአንድ ሰው እጅ የሚፈጸም አልነበረም። አንዱ ብረቱን ይቀጠቅጣል፤ ሁለተኛው አግሎ በውኃ ነክሮ ያጠነክረዋል፤ ሦስተኛው ይስለዋል፥ ይወለውለዋል፤ ሌላው እጀታ ይገጥምለታል። እያንዳንዱ ሙያ የራሱ ማኅበር ነበረው። የአጠንካሪዎችና የሳዮች ማኅበር መብቱን የሚያጸና ደብዳቤ በ1401 ተቀበለ፤ የሰይፍ ቀጥቃጮች ማኅበር ደግሞ በ1472 ተቀበለ። የማኅበሩ አባል የሙያውን ምስጢር ይዞ ካገር እንዳይወጣ ይምል ነበር። መሐላው ግን ሁሉን ሊይዝ አልቻለም። በ17ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ አንዳንድ የሶሊንገን ቤተሰቦች ወደ እንግሊዝ አገር ሾትሊ ብሪጅ ተሻገሩ፤ በ1730 በፈረንሳይ ንጉሥ በሉዊ 15ኛው ዘመን ሌሎች ወደ አልዛስ ተጠርተው ክሊንገንታል የተባለውን የሰይፍ ፋብሪካ አቋቋሙ። ነገሥታት ሠራተኛን እንዲህ ሲሻሙበት መታየቱ፥ ሙያ ምን ያህል ዋጋ ያለው ሀብት እንደሆነ የሚያስረዳ ነው።

በዚህ ማኅበር ውስጥ ምልክት ማለት ጌጥ ብቻ አልነበረም። እያንዳንዱ ጌታ ቀጥቃጭ የራሱን ምልክት ያስመዘግብና ብረቱ ላይ ይመታ ነበር፤ ስለቱ ቢሰበር ወይም ቢጎብጥ ተጠያቂው ማን እንደሆነ በዚያ ይታወቃል። ዮሐንስ ቩንደስ የተባለው የሶሊንገን ጌታ ዘውድ የደፋ የንጉሥ ራስ ይመታ ነበር፤ ክሌመንስ ሆርን የተባለው ደግሞ ባለ አንድ ቀንድ ፈረስ ይመታ ነበር። ከነዚህ የግል ምልክቶች ሌላ የከተማ ወይም የሥራ ቦታ ምልክት የሆኑ አሉ። ከነሱ ሁሉ የታወቀው የሚሮጠው ተኩላ ነው። ይህ ምልክት የፓሳው ከተማ ቀጥቃጮች ሲሆን፥ መብቱ በ14ኛው መቶ ዓመት እንደተሰጣቸው ይነገራል። ሥዕሉ በጥቂት የመሮ ምቶች የተጫረና ብዙውን ጊዜ በናስ የተሞላ ነው፤ ተኩላ መሆኑን ካልነገሩት በቀር የሚያውቀው ሰው ጥቂት ነው። የሶሊንገን ቀጥቃጮች ይህን ተኩላ ወስደው በገዛ ሥራቸው ላይ መምታት ጀመሩ፤ ምክንያቱም ገዢው ተኩላውን ፈልጎ ነበር የሚመጣው።

ይህ መበደር በተኩላው አላበቃም። ከዚያ አስቀድሞ፥ ከ9ኛው እስከ 11ኛው መቶ ዓመት ድረስ፥ ኡልፍቤርህት የሚል ስም በላቲን ፊደል የተቀረጸባቸው ሰይፎች በሰሜን ኤውሮፓ ሁሉ ተሠራጭተው ነበር፤ ዛሬ 170 ያህሉ ይታወቃሉ። የጽሕፈቱ ዘመን ከአንድ ሰው ዕድሜ እጅግ ስለሚረዝም፥ ስሙን የጻፈው አንድ ሰው ብቻ ሊሆን አይችልም። ብረታቸው ሲመረመርም ጥራታቸው እኩል ሆኖ አልተገኘም፤ የፊደሉ አጻጻፍም ከአንዱ ወደ ሌላው ይለያያል። በ16ኛው መቶ ዓመት በሰሜን ኢጣልያ በቤሉኖ አንድሬያ ፌራራ የሚባል ጌታ ቀጥቃጭ ነበር፤ ከሱ በኋላ ግን ስሙ በብዙ ዓይነት አጻጻፍ እየተጣመመ ለስኮትላንድ ገበያ በተሠሩ የሶሊንገን ስለቶች ላይ ተመታ። የእስፓንያ ከተማ የቶሌዶ ጌቶች ስምም እንዲሁ ከቶሌዶ ርቆ በጀርመን መዶሻ ተጻፈ። በአንዳንድ ስለቶች ላይ የሚገኘው 1414 የሚል ቁጥር ደግሞ ዓመት ይመስላል፤ ሰይፎቹ ግን ከዚያ ዘመን በጣም የዘገዩ ናቸው። ቁጥሩ ለመልካም ዕድል የሚጻፍ እንጂ የሥራ ዘመን አይደለም። እንግዲህ በብረት ላይ የተጻፈ ነገር ሁሉ እውነት ነው የሚል ሰው በመጀመሪያው ገጽ ላይ ይሳሳታል።

ምልክት ወደ ሌላ አገር ሲሻገር ደግሞ ሌላ ሕይወት ይጀምራል። የፓሳውን ተኩላ እንግሊዞች ቀበሮ ብለው ጠሩት። በካውካስ ተራራ የሚኖሩት ቼቼኖች ደግሞ ያንኑ ሥዕል ዝንጀሮ ነው ብለው አነበቡት፤ እንዲህ ያለውንም ስለት በስሙ እየጠሩ በጣም አከበሩት። በሱዳን ገበያ ከሁሉ ይበልጥ የተወደደው ምልክት ግማሽ ጨረቃ ነበር። ይህ በስለቱ ሥር በኩል በሁለት ወገን የሚመታ፥ አንዳንድ ጊዜም የሰው ፊት ያለበት ጨረቃ ነው። ኤውሮፓዊው ቀጥቃጭ ጨረቃውን የመታው ከአሮጌ የሙያ ልማድ የተነሣ ነበር፤ እስላሙ ገዢ ግን የገዛ ሃይማኖቱን ምልክት አየበት። ከላዩ መስቀል የቆመበት ክብ ምልክት በኤውሮፓ የክርስቲያን ነገሥታት ሥልጣን ምሳሌ ነው፤ በሱዳን ግን ነጋሪትና የነጋሪት መምቻ ነው ብለው ይተረጉሙት እንደነበረ ይነገራል። ነጋሪት በዚያም አገር እንደ ኢትዮጵያ የሹመት ምልክት ስለነበረ ትርጉሙ ከመጀመሪያው ሐሳብ ፈጽሞ አልራቀም። አንበሳውም እንዲሁ በየትኛውም አገር አንበሳ ነው።

ገበያው ምልክቱን ከወደደ በኋላ ያገር ቀጥቃጭ ምልክቱን መቅዳቱ የማይቀር ነገር ነበር። ከሰላ በ20ኛው መቶ ዓመት የሰይፍ ሥራ ዋና ከተማ ሆነች። በገበያዋ የሚቀመጡት ቀጥቃጮች ከውጭ የሚመጣው ስለት እያነሰ ሲሄድ ከመኪና ባሌስትራ ብረት እየቀጠቀጡ፥ ቦዩን በሞረድ እያወጡ፥ ጨረቃውንና አንበሳውን በራሳቸው መምቻ እየመቱ ለሀደንደዋ፥ ለራሻይዳና ለሹክሪያ ሰዎች ይሸጡ ነበር። ባሌስትራ ለሰይፍ የሚስማማ ብረት ነው፤ ተጎንብሶ ይመለሳል እንጂ በቶሎ አይሰበርም። ስለዚህ የከሰላ ሥራ ተራ ማስመሰያ ብቻ ተብሎ ሊናቅ የሚገባው አይደለም። ባለሙያው ብረቱን ያውቃል፤ የገዢውን ልብም ያውቃል።

የመጀመሪያውን ከተቀዳው ለመለየት የሚረዱ ነገሮች አሉ። በፋብሪካ መምቻ በአንድ ምት የተመታ ምልክት ጠርዙ የጠራ፥ ጥልቀቱም በሁሉም ወገን እኩል ነው፤ በትንንሽ መሮ ተራ በተራ የተመታ ግን መስመሩ ይቋረጣል፥ ጥልቀቱም ይለያያል። በመዘውር የወጣ ቦይ ከሥር እስከ መጨረሻው ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ በሞረድ የወጣ ቦይ በእጅ ሲመረመር ይወዛወዛል። ፊደል የሚያውቅ ሰው የጻፈው ስም ይነበባል፤ ፊደሉን እንደ ሥዕል አይቶ የቀዳው ሰው የጻፈው ግን አንዳንዱ ፊደል ተገልብጦ፥ አንዳንዱም ወደ ጎን ዞሮ ይገኛል። ደግሞም አሮጌ ስለት ላይ አዲስ ምልክት ተመትቶ እንደሆነ፥ ምልክቱ የዝገቱን ጉድጓድ አቋርጦ ስለሚያልፍ ያስታውቃል። ከሁሉ በላይ ግን ስለቱና እጀታው እኩያ ናቸው ብሎ መገመት አይገባም። አንድ ስለት በዕድሜው ሦስት አራት እጀታና ሰገባ ሊለውጥ ይችላል።

የኢትዮጵያም ሰይፍ ከዚህ ታሪክ የተለየ አይደለም። ሾተል ካገር ቀጥቃጭ እጅም ይወጣ ነበር፤ ከውጭም በኢትዮጵያውያን ልማድ ልክ ጎብጦ ተሠርቶ ይመጣ ነበር። ጎራዴ ግን አብዛኛውን ጊዜ የኤውሮፓ ስለት ላይ ያገር እጀታ፥ ይኸውም የአውራሪስ ቀንድ፥ የጎሽ ቀንድ ወይም እንጨት የተገጠመበት ነው። ከጀርመንና ከፈረንሳይ የመጡ ስለቶች በየባላባቱ ቤት ይገኙ ነበር። በፈረንሳይ መንግሥት ፋብሪካዎች የተሠራ ስለት ከሆነ፥ በጀርባው ላይ በቀጭን ጽሕፈት የፋብሪካው ስም፥ ክሊንገንታል ወይም በ1819 የተቋቋመው ሻቴልሮ፥ ከወሩና ከዓመቱ ጋር ተጽፎ ይገኛል። የለንደኑ ዊልኪንሰን ከ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ጀምሮ በሥራው ላይ ቁጥር ይጽፍ ነበር፤ በስለቱ ሥርም ብረቱ መፈተኑን የሚገልጽ ባለ ስድስት ጫፍ ኮከብ ያደርግ ነበር። ይህን ኮከብ ያየ ኢትዮጵያዊ የሰሎሞን ማኅተም ሊመስለው ይችላል፤ ነገሩ ግን የፈተና ምስክር ወረቀት እንደ ማለት ነው። ለኢትዮጵያ ገበያ ታዝዘው የመጡ ስለቶች ላይ ደግሞ ዘውድ የደፋው የይሁዳ አንበሳና የግዕዝ ጽሕፈት በአሲድ ተበልቶ ይታያል። በዚህ ጊዜ ምልክቱን የመረጠው ሠሪው ሳይሆን ገዢው ነው፤ አንበሳው የኢትዮጵያ ነው፥ እጁ ግን የኤውሮፓ ነው።

በ1885 መስከረም ወር ራስ አሉላ በኩፊት ከዑስማን ዲግና ጭፍሮች ጋር ተዋጉ፤ በ1889 መጋቢት ወር ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በመተማ ቆስለው ሞቱ። በነዚያ ሜዳዎች ከሁለቱም ወገን የታጠቀው ሰው ብዛት እጅግ ትልቅ ነበር። አንዱ ወገን ቀጥ ያለውን ሰይፍ፥ ሌላው ወገን ጎራዴውንና ሾተሉን መዝዞ ሲገናኝ፥ ብረታቸው ከአንድ የንግድ ምንጭ የመጣባቸው ተዋጊዎች እንደነበሩ መገመት አያስቸግርም። በጎረቤቶች መካከል የፈሰሰው ደም የራሳቸው ሲሆን፥ የብረቱ ዋጋ ወደ ሩቅ አገር ተከፍሎ ነበር። ይህን ለተማሪ መንገር የጦረኞቹን ጀግንነት አያሳንስም፤ ስለ ንግድና ስለ ጦርነት ግንኙነት ግን ብዙ ያስተምራል።

እዚህ ላይ የዚህ ንግግር ዋና ጥያቄ ይመጣል። በጎንደርና በመተማ፥ በገዳሪፍና በከሰላ መንገድ ላይ የባዕድ ቀጥቃጭ ምልክት እንዲያ ሲከበር፥ ያገሩ ቀጥቃጭ ስም ለምን አልተጻፈም? ያገሩ ባለሙያ ሥራ ትንሽ አልነበረም። የመጣውን ስለት እጀታ የገጠመለት እሱ ነው፤ ሲሰነጠቅ የጠገነው፥ ሲደንዝ የሳለው፥ ሲጎብጥ ያቀናው እሱ ነው። ማረሻውን፥ ማጭዱን፥ መጥረቢያውንም የሠራ እሱ ነው። ነገር ግን በኢትዮጵያ ጠይብ ወይም ቀጥቃጭ ተብሎ ሲጠራ ቃሉ ስድብ ነበር። ቡዳ ነው፥ ሰው ይበላል፥ ሌሊት ጅብ ይሆናል እየተባለ ከርስትና ከጋብቻ ራቀ። በጎንደር አውራጃ በወናፍና በመስፍ ሲተጉ የኖሩት ቤተ እስራኤል የዚህ ንቀት ዋና ተሸካሚዎች ነበሩ። በመካከለኛውና በምሥራቅ ሱዳን ዘላኖች ዘንድም የቀጥቃጭ ሙያ የማዕረግ ሙያ ተብሎ አልተቈጠረም። እንግዲህ ስሙ ስድብ የሆነበት ሰው ስሙን በብረት ላይ ቢመታ ማን ይገዛዋል? የከሰላው ባለሙያ የባዕድ ጨረቃ የመታው የራሱን ምልክት ማውጣት ተስኖት አይደለም፤ የራሱ ምልክት ዋጋ ስላልነበረው ነው።

የሚቃወም ሰው ምናልባት ይህን ይላል፤ የሰውን ምልክት መውሰድ ማታለል ነው፥ ለምንስ ይመካኝለታል? ማታለል መሆኑ አይካድም። ነገር ግን ሶሊንገንም ራሷ ተኩላውን ከፓሳው፥ ስሙንም ከቶሌዶና ከቤሉኖ ወስዳ ነበር። ልዩነቱ ከዚያ በኋላ በሆነው ላይ ነው። የሶሊንገን ባለሙያ በማኅበሩ ታቅፎ፥ በመንግሥቱ ተከብሮ፥ ከጊዜ በኋላ የከተማው ስም ከማንም ስም በላይ የተፈለገ ሆነ። ሌላው ዓለም የሶሊንገንን ስም እንዳይቀዳ በጀርመን አገር መጀመሪያ በ1938 በወጣው ሕግ፥ ከዚያም በ1994 በወጣው ደንብ ስሙ እንዲጠበቅ ተደረገ። ከቀጂነት ተነሥቶ ተቀጂ መሆን ይቻላል ማለት ነው። ሆኖም ወደዚያ የሚያደርሰው መንገድ ሠራተኛውን ማክበር ነው እንጂ ምልክቱን ብቻ ማክበር አይደለም።

ይህን በኢትዮጵያ አስቀድመው የተረዱ ነገሥታት ነበሩ። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860ዎቹ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት መድፍ የሚያቀልጡ ኤውሮፓውያንን ሰብስበው፥ ሴባስቶፖል የተባለውን ታላቅ መድፍ አሠሩ። ዐፄ ምኒልክ ደግሞ በ1900 ዓመተ ምሕረት ሠራተኛን በሙያው የሚሰድብ ሰው እንደሚቀጣ ዐዋጅ አስነገሩ፤ ብረት ሠሪው፥ ሸማ ሠሪውና ሌላውም ባለሙያ መሰደቡ አገርን ባዶ የሚያስቀር መሆኑን ገልጸው ነበር። ዐዋጅ ግን አንደበትን ይከለክላል እንጂ ልብን በአንድ ቀን አይለውጥም። ልብን የሚለውጠው ትምህርት ነው። ዛሬም በገጠር ትምህርት ቤት የቀጥቃጭ ወይም የሸክላ ሠሪ ልጅ በአግዳሚው ጫፍ ብቻዋን የምትቀመጥበት ክፍል እንዳለ መምህራን ከማንም ይበልጥ ያውቃሉ። የሰይፍ ምልክት ታሪክ ለዚያ ክፍል የሚሆን ትምህርት አለው፤ ጀግናው ያለ ቀጥቃጩ ባዶ እጁን እንደሚቀር፥ ገበሬውም ያለ እሱ መሬቱን እንደማይገለብጥ፥ የዓለም ታላላቅ ነገሥታትም የቀጥቃጭ ቤተሰብን በልመናና በገንዘብ ካገር ወደ አገር እንዳስመጡ ያስረዳል።

ሌላም የሚያስቸኩል ነገር አለ። አሮጌ ሰይፎች ባሁኑ ጊዜ በብዛት ከየቤቱ እየወጡ ነው። በሱዳን በ2023 ሚያዝያ ወር የተጀመረው ጦርነት የካርቱምን ብሔራዊ ቤተ መዘክር ለዘራፊ አጋልጦታል፤ ከገዚራ የሸሹ ብዙ ሰዎችም በ2024 ወደ ኒው ሀልፋ፥ ወደ ከሰላና ወደ ገዳሪፍ ሲደርሱ የያዙት ነፍሳቸውንና ጥቂት ዕቃ ብቻ ነበር። በሰሜን ኢትዮጵያም በ2020 በተነሣው ጦርነት አድባራትና የግል ቤቶች ተዘርፈዋል። ሰይፍ ከቤቱ ሲወጣ ብረቱ ብቻ አይደለም የሚሄደው፤ የማን እንደነበረ፥ ማን እንደጠገነው፥ በየት በኩል እንደመጣ የሚናገረው ቃል አብሮት ይሄዳል። በባዕድ ገበያ የተገኘ ሰይፍ ላይ ተኩላውን የሚያነብ ሊቅ ይገኝ ይሆናል፤ እጀታውን የገጠመውን የአያት ስም የሚነግረው ግን አይገኝም።

ስለዚህ መምህር በሚያስተምርበት አገር ሊያደርገው የሚችለው ሥራ አለ፤ ብዙ ገንዘብም አይጠይቅም። አንድ አዛውንት ሰይፍ ወይም ጎራዴ ቢያሳዩት በአሸዋና በአመድ እንዳያስፈትጉት፥ በሞረድም እንዳያስነኩት ይለምናቸው፤ በአንድ ቀን መፈተግ የሁለት መቶ ዓመት ጽሕፈት ሊጠፋ ይችላል። ስስ ወረቀት በምልክቱ ላይ አድርጎ በእርሳስ በቀስታ ቢያሸው፥ ምልክቱ እንዳለ በወረቀቱ ላይ ይወጣል። የስለቱን ርዝመት፥ የቦዩን ብዛት፥ ጽሕፈቱ በየትኛው ወገን እንዳለ ይጻፍ። ከመጀመሪያው እጀታ በታች ተሸፍኖ የቀረ ምልክት ሊኖር ስለሚችል፥ እጀታው በእርጅና ሲወልቅ ብቻ እንጂ ሆን ተብሎ አይነቀል። ከዚህም ጋር ሰይፉን ማን እንዳወረሰ፥ ማን እንደሳለው፥ ማን ሰገባ እንደሰፋለት አዛውንቱን በአክብሮት ይጠይቅ። ቃላቸውንም እንደተናገሩት ይጻፍ እንጂ ከብረቱ ጋር ባይስማማ ሊያርመው አይቸኩል፤ ምልክቱ የሚናገረው ሌላ፥ ቤተሰቡ የሚናገረው ሌላ ሲሆን ልዩነቱ ራሱ ታሪክ ነው።

ይህን ሥራ ተማሪዎች ቢሠሩት ደግሞ ትርፉ እጥፍ ነው። ጂኦግራፊን ከሶሊንገን እስከ ካይሮ፥ ከካይሮ እስከ ሸንዲ፥ ከሸንዲ እስከ ገዳሪፍና መተማ ባለው የንግድ መንገድ ይማሩበታል። ታሪክን ከአንድ ምስክር ብቻ መቀበል እንደማይገባ፥ የተጻፈ ሁሉ እውነት እንዳልሆነ፥ ያልተጻፈም ሁሉ ሐሰት እንዳልሆነ ይማሩበታል። ኬሚስትሪን ብረት በእሳትና በውኃ እንዴት እንደሚጠነክር ከቀጥቃጩ አፍ ይሰሙታል። ይህ የመጨረሻው ከሁሉ ይበልጣል፤ ምክንያቱም ያን ቀን ቀጥቃጩ በትምህርት ቤቱ ደጃፍ ሲገባ አስተማሪ ሆኖ ነው የሚገባው። ልጁም በክፍሉ ውስጥ ተቀምጣ አባቷ በመምህሯ ፊት ሲጠየቅና ሲመልስ ትሰማለች።

በመዝገቡ ላይም፥ ከተኩላውና ከጨረቃው ሥዕል ቀጥሎ፥ ሰይፉን የጠገነው ያገር ባለሙያ ስም ከነአባቱ ይጻፍ። ለብዙ መቶ ዓመታት በብረት ላይ ያልተጻፈውን ስም፥ መምህር በወረቀት ላይ ሊጽፈው ይችላል።